በስልክ የማይነገር

ኅዳር 5፣ 2010 ዓ.ም. ማክሰኞ

ዛሬም ጠዋት ሰማሁት። ክርርር፣ ክርርር፣ ከዚያ ዝም። ልጄ ሞላ ፒካፑን ለማስነሳት ሲታገል ይሰማ የነበረው ድምፅ። ነጠላ ሳልደርብ ወጣሁ። መኪናው እንደቆመ ነው። ዶሮዎቹ ኮፈኑ ላይ ሰፍረዋል፣ ጎማው ሥር ሣር በቅሏል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።

ገብቼ ስፌቴ ላይ ተቀመጥኩ። የተማሪ ዩኒፎርም። ክሩ ሲበጠስብኝ ዋለ።

ከሰዓት አራጋው መጣ። የባሌ ወንድም። ባሌ ካረፈ ወዲህ የቤቱን ነገር የሚያዘው እሱ ነው። ለፒካፑ ከውጫሌ ገዢ አግኝቷል። ሰውየው ግን ሞተሩ ሲነሳ በዓይኔ ካላየሁ አልገዛም ብሏል። የጎደለው አንድ ዕቃ ነው፤ ሞተሪኖ ይሉታል፣ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚቀሰቅሰው። አሮጌም ቢሆን ይሠራል፣ ፈልገን እናስገባ አለኝ።

ልጄ ነሐሴ ላይ ያንን አሮጌ ሞተሪኖ ከኮምቦልቻ ሊያመጣ ወጥቶ ነው፣ ከደሴ በታች ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሚኒባሱ ተገልብጦ የቀረው። አራጋው ይህን ያውቃል። ክፋት የለውም፣ ብረቱ ዝናብ ሲመታው እያየ ልቡ ተቃጥሎ ነው። እኔ ግን ወደ ስፌቴ ዞርኩ። ለአንተ ብቻ ልንገርህ፣ ደብተር፤ መኪናው ከተነሳ ጠዋት የምሰማው ድምፅ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ። ከምሽቱ 3 ሰዓት

የሞላን ስልክ ከሳጥን አወጣሁ። ፖሊስ በፌስታል ጠቅልሎ የሰጠኝ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ግን ይሠራል። ሲከፍተው ጣቱ ወዴት እንደሚሄድ አይቼ ነበር፣ እንደዚያው አደረግሁ። ካርድ ሞላሁለት። ፎቶውን ልይ ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ፌስቡኩን ነካሁት። ፎቶው መጣ። ከሐይቁ ዳር ጀልባ ተደግፎ፣ ጥርሱን ገልጦ። አይቼው ሳልጠግብ ስልኩ ጮኸ። መልእክት። ቶፊቅ የሚባል ሰው። አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ነው የሚጽፈው፤ እየቆጠርኩ እያጠራቀምኩ አነበብኩት።

«አንተ ቀጣፊ! አለህ እንዴ? አረንጓዴ ነጥብህ በርቷል።»

ስልኩን ጣልኩት።

ቆይቼ አነሳሁት። ከላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩ። እስከ ምሽት ፈጀብኝ። ሰውየው ኮምቦልቻ ነው፣ አሮጌ የመኪና ዕቃ በፌስቡክ ይሸጣል። ሞላን ሰው አጣድፎት ነው የሄደው ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ይኸውና። ያን የነሐሴ ቀን ጠዋት የጻፈው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልመጣህ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፣ እንዳንተ ያለ ወሬኛ ገዢ ሰልችቶኛል። ሞላዬ «መጣሁ ወንድሜ፣ ሚኒባስ ላይ ነኝ» ይላል። ከዚያ የሞላ ቃል የለም። የሰውየው ብቻ ነው። የት ደረስክ። ሰው በዝናብ ታስቆማለህ? የሐይቅ ሰው እንደ ዓሣችሁ ከእጅ ሙልጭ ባይ ነው። ፋራ። ቃል የሌለህ። ዓሣ!

ልጄ መንገድ ዳር ተኝቶ ይህን ሁሉ ይሰድበዋል።

«ሞቷል። የገደልከው አንተ ነህ።» ብዬ ጻፍኩ። መላኪያውን አልነካሁትም። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። አጠፋሁት።

ኅዳር 8፣ ዓርብ

ለምን እንዳልላክሁት ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ፣ አሁን ገባኝ።

ያን ቀን ፍልሰታ ነበር። ሞላ ሲወጣ አላየሁትም፣ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። የሞላ ቁጥር። ወዬ ሞልዬ አልኩ። የማላውቀው ድምፅ፣ ከኋላው ዝናብ። የዚህ ስልክ ባለቤት ምንሽ ነው አለኝ። ልጄ ነው አልኩ። እንግዲህ አምላክ ያጽናሽ ብሎ ዘጋው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ድልድዩ ጋ ብቻዬን ነበርኩ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ናት ከመሬት ያነሳችኝ።

የደወለውን ሰው አልረገምኩትም። ደንግጦ ነው። ግን በእኛ አገር መርዶ እንዲያ አይነገርም። ሽማግሌ ይጠራል። ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ። ጎረቤት ቀድሞ ተነግሮት ይከባል። ቁጭ በል ይባላል። የሚይዝህ እጅ ሳይኖር ቃሉ ከአፍ አይወጣም። ለጠላትም ቢሆን እንዲያ ነው።

እኔ ያን አላገኘሁም። ለዚያ ባለጌ ደግሞ በስልክ ላደርገው? ጣቴ እምቢ አለ።

ቀን ስልኩን ስከፍት ወዲያው የቶፊቅ መልእክት መጣ። አረንጓዴህን እያየሁት ነው፣ መልስ። እኔም «አለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት።

ምን ማድረጌ ነው? አለሁ አልኩ። በሞላ ስም።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

የጻፍኩት በአማርኛ ፊደል ነው፣ በሌላ መጻፍ አላውቅም። ሰውየው ሳቀ። ሞላ እንደሱ በእንግሊዝ ፊደል ነበር የሚጽፈው። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆንህ? እስጢፋኖስ ገብተህ መነኮስክ እንዴ፣ በግዕዝ የምትጽፈው?» አለ። ወላሂ አንድ ገጽ ዳዊት እንዳትልክልኝ አለ።

ሳቅሁ። ደብተር ሙት አልዋሽህም፣ ሳቅሁ። ድምፄን ስሰማ ደነገጥኩ።

ስልኬ ተበላሽቶ ነው አልኩት። ስልክህ ብቻ ነው የተበላሸው ጭንቅላትህ ደህና ነው? አለኝ። ሞተሪኖውን ትፈልጋለህ ወይስ አሁንም በአህያ ልትጎትተው ነው? አለኝ። ሞላ ቢሆን ምን ይለው ነበር ብዬ አሰብኩ። ወዲያው መጣልኝ፣ ልክ ጆሮዬ ሥር እንደተናገረው። «አህያዬ ካንተ ዕቃ ይሻላል፣ ጠዋት ጠዋት ይነሳል።»

ላክሁት። ሰውየው ያ የሚስቅ ቢጫ ፊት ላከልኝ፣ ብዙ።

ከዚያ ፈራሁ። ያ ቃል ከየት መጣ? እኔ እንዲያ ቀልድ አላውቅም።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ፣ ሚካኤል

ከተማው በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን። በየበሩ ቆሻሻ ይነዳል። ዓይኔ አለቀሰ፣ ጥሩ ነው፣ ዛሬ ለምን ታለቅሻለሽ የሚል የለም።

በየቀኑ ይጽፋል። ይሰድባል። ጀዝባ ይላል፣ ደረቅ ይላል። እኔም እመልሳለሁ። ስፌቴ ወደ ኋላ ቀርቷል። በዚህ አገር ሰው ሁሉ ሞላን «ነፍሱን ይማርና» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ሰው ብቻ ይጮህበታል። ለዚህ ሰው ልጄ ቆሟል፣ ሰው ያናድዳል፣ ቀጠሮ ያፈርሳል፣ ነገ ይመጣል።

ማታ ላይ ያልጠበቅሁትን ጠየቀ። እናትህ ደህና ናት? ያኔ እግሯን ያማታል ብለኸኝ ነበር።

ሞላ ለዚህ ሰው ስለ እግሬ ነግሮታል።

«ደህና ናት። ይሻላታል።» ብዬ መለስኩ። ለራሴ።

አራጋው ሳያንኳኳ ገባ። ስልኩን እጄ ላይ አየው። ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። አንቺ ሴት፣ ነፍሱ እንዳታርፍ አደረግሽው እኮ አለኝ። የሞተ ሰው አለሁ አይባልለትም። ጸሎተ ፍትሐት የተደረገለትን ልጅ መልሰሽ ገበያ አወጣሽው? ጣይው ይህን ብረት፣ ሐይቅ ውስጥ ጣይው። እኔም ብረት ከጠላህ ፒካፑን ለምን ትመኛለህ አልኩት። ሳይሰናበተኝ ወጣ።

ጠዋት ድምፁን አልሰማሁትም። ክርርር የለም። ካልሰማሁት ሁለት ሦስት ጠዋት ሆነ መሰለኝ። ሞላ ወደ ስልኩ ገባ ወይ?

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ድምፅህን ላክ አለኝ። በጽሑፍ ሰልችቶኛል፣ ደውል። ከዚያ ራሱ ደወለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ ሄደ። ያዝኩት፣ አላነሳሁትም። ሲያቆም የድምፅ መልእክት ላከ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት።

ወጣት ነው። ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ድምፁ ጎርናና፣ የወሎ ልጅ፣ ቃሉን እየጎተተ። «ስማ ሞላ። ያን ቀን እስከ መግሪብ ሶላት ቆሜ ነው የጠበቅሁህ። ሌላ ገዢ መጥቶ እምቢ ብዬዋለሁ፣ የተቀጠረ ሰው አለ ብዬ። አንተ ቀረህ። አፌ መጥፎ ነው፣ ሚስቴም ትላለች። ግን ዕቃህ እስካሁን አልተሸጠም። ከመደርደሪያው ሥር ነው። ምን አድርጌህ ነው የቀረኸው?»

ምን አድርጌህ ነው የቀረኸው።

ሦስቴ ሰማሁት። ደብተር፣ እኔ ይህን ሰው እስከ ዛሬ ስረግመው ነበር። ስሙን ካወቅሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጸሎቴን ጨርሼ ለእርግማን እጠራው ነበር። እሱ ደግሞ ቆሞ ሞላን ይጠብቃል።

እንዲህ ሊቀጥል አይችልም። አንድ ቀን ድምፅ ይጠይቃል፣ አንድ ቀን ራሱ ይመጣል። ወይ ሌላ ሰው በስልክ ይነግረዋል፣ እንደኔ።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

ሸህ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን። ሞላን ሲቀብሩ ጉድጓዱ ዳር ከቆሙት አንዱ፣ ሠልስቱን እኛ ጋ ያደሩ። ዘንድሮ ዓይናቸው ደክሟል። ሁሉንም አወራኋቸው። ውሸቴንም።

መቁጠሪያቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ፣ «የሞላ እናት፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ትክክል ነሽ፣ በስልክ አይሆንም። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ይዘሽ የምትሄጂው መርዶ ነው ወይስ ክስ? አጣድፈህ ገደልክብኝ ልትዪው ከሆነ ያ የደም ነገር ነው፣ ሌላ ቀን ሌላ ሽማግሌ ይፈልጋል። ሁለቱን ባንድ ጠዋት አይሸከሙም። ለይተሽ ንገሪኝ።

አስቢበት ብለው ሸኙኝ።

ክስ አለኝ ወይ? አለኝ። ያን ጠዋት ባይሰድበው ሞላ ነገ እሄዳለሁ ይል ነበር። ዝናቡ ያልፍ ነበር። ይህን እንዴት ልርሳው?

ደግሞ ድምፁ። ምን አድርጌህ ነው።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

አራጋው ሰምቶ መጣ። ለማን ነው መርዶ የሚኬደው አለ። ዘመድ ነው? አበልጅ ነው? ፊቱን ያላየሽው ነጋዴ! መርዶ ለደም ለሥጋ ነው፣ ለአሮጌ ብረት ሻጭ ነው እንዴ? ሰው ይስቅብናል።

አንተ ሞላን መቼ ነው የጠራኸው አልኩት። ከተቀበረ ጀምሮ ስሙን ጠርተህ ታውቃለህ? መኪናው ትላለህ እንጂ። ይህ ሰው በየቀኑ ይጠራዋል። ይሰድበዋል፣ እንደ ወንድም። ይጠብቀዋል። ለእሱ ያልተነገረ ለማን ሊነገር ነው?

አራጋው ተቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ። ስሙን ስጠራ ሞቱ አዲስ ይሆንብኛል እኮ፣ ዘውዴ አለኝ። ቀስ ብሎ። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ውሃ ሰጠሁት። ረቡዕ እኔም እመጣለሁ አለ።

ከዚያ ሸህ ይማም ዘንድ ተሻገርኩ። መርዶ ነው አልኳቸው። ክሱን እዚሁ እተዋለሁ። የሚተው ከሆነ።

ለቶፊቅ፦ «ረቡዕ በማለዳ እመጣለሁ። ቤትህ የት ነው?» በሞላ ስም የጻፍኩት የመጨረሻው። ቤቴን ምን ልታደርግ፣ ልትሰርቀኝ ነው? አለ። ግን ነገረኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሰማያዊ ኮንቴይነር፣ ቤቱ ከኋላው። «ሁለተኛ እንዳታስቆመኝ፣ ዓሣው» ብሎ ጨረሰ።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ። ከቤት፣ ማታ 12 ሰዓት

ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

ጨለማ ሳለ ወጣን። ሸህ ይማም፣ አራጋው፣ እኔ። ኮንትራት ሚኒባስ። ደሴን ስናልፍ የመንገዱ መብራት ገና በርቶ ነበር። ሐረጎ ላይ ጉም። ሾፌሩ ቀስ እንዲል ማንም አልነገረውም፣ ግን ቀስ አለ። ወደ ገደሉ በኩል ማናችንም አላየንም።

እዚያ ላይ ነው ያሰብኩት። መርዶ የተነገረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው። መቼ? ቀኑን ከነገርኩት ያውቃል። ያን ቀን ሲጠብቀው ነው የዋለው። ክሱን እተዋለሁ ብዬ ቀኑ ራሱ ክስ ሆኖ ተቀመጠ። ለሸህ ይማም ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁርኣን ይቀሩ ነበር፣ ተውኩት።

ኮምቦልቻ ነጋ። ሸህ ይማም ቀድመው ወርደው ጎረቤት ቀሰቀሱ። አንድ ሽማግሌና ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። በማያውቁት ሰው መርዶ ሊያዝኑ። ወሎ ነው።

በሩን አንኳኩ። ራሱ ከፈተ። ለካ ቀጭን ነው፣ መፋቂያ በአፉ፣ በእድሜ የሞላ እኩያ። ነቅቶ ሲጠብቅ ነበር። ሞተሪኖው በጆንያ ተጠቅልሎ ደፉ ላይ ተቀምጧል።

ሁላችንንም አየ፣ ሽማግሌዎቹን፣ እኔን፣ ጎረቤቱን። ከዚያ ሳቀ። ያ ቀጣፊ የት አለ አለ። ሽማግሌ ልኮ ነው የሚታረቀኝ? በስድብ ሰው ይጣላል እንዴ? ግቡ፣ ግቡ፣ እኔም በድዬዋለሁ፣ ምን አስለፋችሁ። መኪና ውስጥ ነው? ይውጣ እንጂ፣ ሞላ!

ወደ መንገዱ ጮኸ። ሞላ! አለ።

አራጋው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ቁጭ በል ልጄ አሉት ሸህ ይማም። ቆሜ ይሻለኛል አለ፣ እየሳቀ። ቁጭ በል አሉት ደግመው። ያኔ ጎረቤቶቹ እንደከበቡት አየ። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ተቀመጠ። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሸህ ይማም እንደ ደንቡ ነገሩት፣ ከአላህ ጀምረው፣ ቀስ ብለው። ሽማግሌው ትከሻውን ይዘውታል። እኔ ያላገኘሁትን ሁሉ አገኘ።

አልጮኸም። ወደ እኔ አየ። የሞላ እናት ነሽ? አለኝ። እግርሽን የሚያምሽ። ነኝ አልኩ። ታዲያ ማን ነው ሲጽፍልኝ የነበረው አለ። እኔ ነኝ አልኩት። የሚደበድበኝ መስሎኝ ነበር። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ስሰድብሽ አለ፣ ያ ሁሉ ስድብ፣ አንቺን። ስድብህ ነው በእግሬ ያቆመኝ አልኩት።

ከዚያ ያንን ጠየቀ። መቼ?

ሸህ ይማም ወደ መሬት አዩ። ቀኑን ያውቃሉ።

«በማግስቱ» አልኩት። ከተቀጣጠራችሁ በማግስቱ። ውጫሌ ገበያ ሲሄድ።

ቀና አለ። ታዲያ የኔ ዕለት ለምን ቀረ? መጣሁ፣ መኪና ላይ ነኝ ብሎኝ ነበር።

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አልኩት። ከመናኸሪያ አስወረድኩት። ዝናብ ነው፣ ሐረጎ ጉም ነው፣ ቤትህ ግባ አልኩት። እሺ እማዬ አለኝ። ገባ። ምሳውን በላ።

ቶፊቅ እንባውን በመዳፉ ጠረገ። ብዙ ነቀነቀ።

ደግ አደረግሽ አለኝ። በዚያ ዝናብ። ደግ አደረግሽ፣ እማ።